ከማግኒዥየም ወደ ታች

የካቲት 11 ቀን 1999 ዓ.ም.፣ በቅድስት እሑድ፣ ካዛንቺስ ውስጥ ስድስት አባወራ በሚጋራው ግቢ፣ ኃይለገብርኤል ከሶፋው ተነሣ። የኮቱን ቁልፍ ቆለፈ። እኅቱን ዘውዲን፣ የእኅቱን ልጅ ራሕዋን፣ ወንፊት ሊዋሱ ገብተው በዚያው የተቀመጡትን ጎረቤታቸውን እትዬ ገበያነሽን ተራ በተራ ተመለከተ። በመጨረሻም ዓይኑን ከእኅቱ ባል ጭንቅላት በላይ የተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ላይ አሳርፎ፣ የሹመት ደብዳቤ በሚነበብበት ድምፅ አስታወቀ፦

«የምርመራው ውጤት ወጥቷል። ወልደአረጋይ ጨጓራ አለበት።»



አዲስ አበባ ውስጥ ጨጓራ ከቀበሌ መታወቂያ ቀጥሎ ያለ የነዋሪነት ማስረጃ ነው። ጨጓራ የሌለበት ሰው ቢገኝ ሰፈሩ ይጠረጥረዋል። እንዲህ ያለውን ነገር ኮት ቆልፎ የሚያስታውቅ ሰው በካዛንቺስ ታሪክ ኃይለገብርኤል የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለ ወልደአረጋይ። ሌላ ምን ይላል? ሆዱ የእሱ ነው፤ ምርመራውም የእሱ ነው፤ ወረቀቱ ግን ከክሊኒኩ በቀጥታ የኃይለገብርኤል የውስጥ ኪስ ገብቷል።

«እሰይ!» አሉ እትዬ ገበያነሽ። «ጨጓራ እኮ ሰው አይገድልም። ተልባ በጥብጦ በባዶ ሆድ ግጥም ማድረግ ነው፤ በቃ።»

ዘውዲ ፈገግ አለች። ጥርሷ ብቻ ነበር ፈገግ ያለው።

ወልደአረጋይ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሃያ ስድስት ዓመት ኬሚስትሪ አስተምሯል። ካለፉት ሁለት ዓመታት ወዲህ ግን የሚያስተምረው ፕላዝማ ነው፤ ማለትም ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥን። እሱ ሣጥኑን በቁልፍ ይከፍታል፣ ያበራል፣ ሠላሳ ደቂቃ ዝም ይላል፣ በተረፈችው ጥቂት ደቂቃ የፕላዝማው መምህር በፈጣን እንግሊዝኛ ያለፈበትን በአማርኛ ይለቅማል። ይህ ሥራ ለታመመ ሰው ይመቻል፤ ሠላሳ ደቂቃ ሙሉ ሆድን ይዞ መቀመጥ ይቻላል።

ሕመሙ የጀመረው ጥቅምት ላይ ነው። መጀመሪያ ያዘዙለት ማግኒዥያ ነበር፣ ነጭ ወፍራም ሽሮፕ። ጠርሙሱን አዙሮ አነበበ፦ ማግኒዥየም ሃይድሮክሳይድ። በኅዳር የሚታኘክ ክኒን ሰጡት፤ ካልሲየም ካርቦኔት። ሃያ ስድስት ዓመት ሲተነፍሰው የኖረውን ጠመኔ አሁን በሐኪም ትእዛዝ ያኝከው ጀመር። በጥር መጨረሻ ደግሞ መስቀል ፍላወር አካባቢ ያለ ክሊኒክ ውስጥ አንድ ትልቅ ኩባያ ኖራ የመሰለ ነገር ጠጥቶ ራጅ ተነሣ። ባሪየም ሰልፌት። ያን ቀን ኩባያውን እንደያዘ ሠንጠረዡ ትዝ አለው። ሁለተኛው ምድብ፣ ከላይ ወደ ታች፦ ቤሪሊየም፣ ማግኒዥየም፣ ካልሲየም፣ ስትሮንቲየም፣ ባሪየም። ከማግኒዥየም ጀምሮ በአራት ወር እዚህ ደርሷል። ስትሮንቲየምን ዘሎታል። ከባሪየም ሥር የቀረው አንድ ብቻ ነው፤ ራዲየም።

ባሪየም በገባበት መልክ ነው የሚወጣው። በማግስቱ እትዬ ገበያነሽ ከግቢው የጋራ ሽንት ቤት ባልዲያቸውን እንደያዙ ወጡና መሀል ግቢ ቆሙ።

«ሽንት ቤት ውስጥ ጀሶ የደፋ ማነው?»

ባልዲውን መሬት ላይ አሳረፉ።

«ተለጥፏል እኮ! በሦስት ባልዲ አልለቅ አለ። ኧረ እናንተ ሰዎች፣ ግንባታ ያለው ሰው ግንባታውን ደጅ ያድርግ!»

የግቢው አባወራዎች ተሰብስበው ተወያዩ። በሙያው ግንበኛ የሆነው ተከራይ ተጠርጥሮ በእናቱ ስም ማለ። ወልደአረጋይ በመስኮት እያየ ነበር። የመጠርጠር ዕድል እንኳ አልተሰጠውም፤ መምህር ነውና። ማታ ላይ ውሃና መጥረጊያ ይዞ ሄዶ ራሱ ፈተገው።

እንግዲህ ያን እሑድ፣ ጨጓራው ከታወጀ በኋላ፣ ወልደአረጋይ ጋደም አለ። አልጋው ያለው ከወጥ ቤቱ ጋር በምትጎራበተው መስኮት ሥር ነው። ዘውዲና ወንድሟ ወጥ ቤት ገብተው በትግርኛ ማንሾካሾክ ጀመሩ።

በዚህ ቤት ምስጢር በትግርኛ ነው የሚነገረው፤ ከጎረቤት ለመደበቅ። ሃያ ዓመት ሠርቷል። እትዬ ገበያነሽ ጆሯቸውን ግድግዳው ላይ ለጥፈው ቢውሉ የሚያገኙት ነገር የለም። እኅትና ወንድም በልማድ ያንኑ አደረጉ። ምስጢሩ ዛሬ የሚደበቀው አክሱም ተወልዶ አክሱም ካደገ ሰው መሆኑን ግን አላሰቡትም።

«ንዕኡ ኣይንነግሮን» አለ ኃይለገብርኤል። ለእሱ አንነግረውም።

ቀሪውንም ሰማው። ዕጢ ነው። መቆረጥ አለበት፤ ከዚያ ጨረር ሊኖር ይችላል። አልጋ ተይዞለታል፤ እስከ መጋቢት 10፣ ሰኞ ድረስ። ከዚያ ካለፈ ለሌላ ይሰጣል፤ ወረፋው ደግሞ ከዓመት በላይ ነው። ወረቀቱ ላይ በሽተኛው ራሱ መፈረም አለበት፤ ቤተሰብም በምስክርነት። በሽተኛው እንዲፈርም መንገር ያስፈልጋል።

«ካወቀ ይሰበራል» አለች ዘውዲ። «ሲሰበር ካየሁት ከእሱ በፊት የምሞተው እኔ ነኝ። በማርያም፣ ሓወይ፣ ጥቂት ቆይ። ጠበሉን ይጨርስ።»

ዘውዲ እንዲህ ስትል ለወግ አይደለም። ደም ግፊቷ በእናቷ ሞት ጊዜ መሬት ላይ ዘርሯት ሁለት ቀን አፏ ተሳስሮ ነበር። ወልደአረጋይ ጣሪያውን እያየ አሰበ፦ አውቃለሁ ብሎ ቢነሣ እሷን ይገድላል፤ ዝም ቢል ራሱን። መካከል ላይ ሃያ ዘጠኝ ቀን አለ።

ዝም አለ።

ስለ ለተሚካኤል፣ ስለ ዘውዲ እናት፣ እዚህ ላይ ካልተነገረ ኋላ ያለው አይገባም። ዘውዲ በጾም ቀልድ የማታውቅ ሴት ናት። ቅቤ የነካው ማማሰያ የጾም ድስት ውስጥ ገባ ብላ ድስቱን ከነሽሮው ለውሻ የሰጠች ናት። ራሕዋ በስምንት ዓመቷ ኩፍኝ ይዟት እንቁላል ስትለምን አጥሚት አጠጣቻት። በዚህ ቤት ዓቢይ ጾም የተፈታው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ከስድስት ዓመት በፊት ለለተሚካኤል። የንስሐ አባቷ መጥተው አዩና ለዘውዲ በጆሮዋ «ወተት ስጪያቸው፣ ፈቅጃለሁ» አሏት። አሮጊቷ ብርጭቆውን ሲያዩ ፈገግ አሉ። «በቃ?» ብለው ጠየቁ። የመለሰላቸው አልነበረም። በስድስተኛው ቀን ዐረፉ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ግቢ «ወተት ቀረበላቸው» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ግንበኛው ተከራይ እንኳ ያውቃል።

ቀኑ ሄደ። ጨጓራው ቀጠለ። ቤቱ በሙሉ ስለ ጨጓራ ያወራል። ኃይለገብርኤል ለገሃር ካለው ቢሮው ሲወጣ በየቀኑ ብቅ ይልና «ጨጓራው እንዴት ዋለ?» ይላል፤ የውስጥ ኪሱን በኮቱ ላይ እየዳበሰ። ራሕዋ በርበሬ የሌለው ሽሮ እየሠራች «ለጨጓራ ነው አባዬ» ትላለች፤ ዞር ብላ ደግሞ ሽንኩርት ሳይኖር ዓይኗን ታብሳለች። ወልደአረጋይ ከእንጀራው ሦስት ጉርሻ ከዋጠ ጀግና ነው፤ የቀረውን ጠቅልሎ ኪሱ ውስጥ ይከትና ለትምህርት ቤቱ ውሻ ይወስዳል። ቀበቶው ላይ በሚስማር ሁለት አዲስ ቀዳዳ በስቷል። ዘውዲ ቀዳዳዎቹን አይታለች። «ጾም ነው፣ ሁሉም ይከሳል» አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት።

አንዳንዴ ሊናገር አፉን ይከፍታል። ዘውዲ ቶሎ ብላ «ምን ልስጥህ? ተልባ?» ትለዋለች። ተልባውን ይጠጣል።

በመጋቢት የመጀመሪያው ሳምንት አሥራ አንደኛ ክፍል ሁለተኛው ምድብ ላይ ደረሰ። ፕላዝማው ላይ ነጭ ጋዋን የለበሰው ሰውዬ አንድ ቁራጭ ማግኒዥየም ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ጣለ። ማግኒዥየሙ ምንም እንዳላመመው ሰው ተኛ። ቀጥሎ ካልሲየም ጣለ፤ ተንተከተከ፤ ውሃው ደፈረሰ። ሰውዬው የሆነ ነገር ብሎ ሳቀ፤ ሰባ ሁለቱም ተማሪዎች አልሳቁም። ስክሪኑ ጠቆረ። ወልደአረጋይ ተነሣ። ሰባት ደቂቃ አለው።

«ከላይ ጀምሩ» አለ። «ቤሪሊየም ትንሽ ነው። ውጪ ያሉት ሁለት ኤሌክትሮኖች ለመሀሉ ቅርብ ናቸው፤ አጥብቆ ይይዛቸዋል። ማግኒዥየም ላይ አንድ ፎቅ ይጨመራል። ካልሲየም ላይ ሌላ። እየወረዳችሁ በሄዳችሁ ቁጥር ሁለቱ ከመሀሉ ይርቃሉ፤ በመካከል ያሉት ደግሞ ይጋርዷቸዋል። ባሪየም ጋ ስትደርሱ…» ጠረጴዛውን ተደገፈ። «ባሪየም ጋ ስትደርሱ፣ መያዝ ያቅተዋል። ለነካው ሁሉ ይለቃል። ከላይኞቹ ይልቅ ቶሎ የሚፈላው ጉልበት ስላለው እንዳይመስላችሁ። መያዝ ስላልቻለ ነው።»

 ከኋላ ወንበር ሊካሳ እጁን አወጣ። ሊካሳ እጁን ሲያወጣ ክፍሉ ቀድሞ ይስቃል።

«ቲቸር፣ መጽሐፉ ባሪየም መርዝ ነው ይላል። አክስቴን ግን ሐኪም ቤት አጠጥተዋታል። ሙድ ይዘውባት ነው?»

ሳቁ ጋብ እስኪል ጠበቀ።

«ያጠጧት ሰልፌቱን ነው። ሰልፌት ላይ ነገሩ ይገለበጣል። የማግኒዥየሙ ውሃ ውስጥ ሟሙቶ ይጠፋል፤ እናቶቻችሁ የሚያውቁት እንግሊዝ ጨው ነው። የካልሲየሙ ጀሶ ነው፤ ጥቂት ይሟሟል። የባሪየሙ አይሟሟም ብትሉ ይቀላል። ስለማይሟሟ ደም ውስጥ አይገባም። ሆድ ውስጥ ይገባል፣ የሆድን ቅርጽ ያሳያል፣ ማንንም ሳያናግር ይወጣል።»

ሲናገረው የራሱ ቤት ታየው። ያቺ ወሬም እንዲሁ ነች፤ ከአንዱ ወደ አንዱ ታልፋለች፣ የሁሉንም ቅርጽ ታሳያለች፣ ማንም ውስጥ ግን አትሟሟም።

«አክስትህ አሁን እንዴት ናት?» ሲል ጠየቀ።

«ሞተች ቲቸር» አለ ሊካሳ። ወዲያው ደግሞ ሰውን እንዳያስቀይም «ግን በባሪየሙ አይደለም» ሲል ጨመረ።

ደወሉ ተደወለ።

ሐሙስ ዕለት ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ መስቀል ፍላወር ሄደ። ራጁን ያነበበው ሐኪም ዶክተር ታዲዎስ የድሮ ተማሪው ነው። ታዲዎስ በሩ ላይ ሲያየው ብድግ አለ።

«ቲቸር!»

«ተቀመጥ።»

ተቀመጠ። ልማድ ነው።

«ያጠጣችሁኝ ባሪየም ሰልፌት ለምን አልገደለኝም?»

«አይሟሟም ቲቸር።»

«የማግኒዥየሙስ?»

«ይሟሟል። ማለቴ… ወደ ታች ስንወርድ የሰልፌቶቹ የመሟሟት አቅም ይቀንሳል።»

«ሃይድሮክሳይዶቹስ?»

«በተቃራኒው። ይጨምራል።»

«ጎበዝ። አሥር ከአሥር። ፊልሙ ላይ ምን አየህ?»

ታዲዎስ ኮርኒሱን አየ። አሥራ አንደኛ ክፍል እያለ «ደብተሬን ቤት ረሳሁት» ሲል የሚያየው ኮርኒስ ነው።

«ቁስለት ቢጤ ነው ቲቸር።»

«ኮርኒሱ ላይ ነው ቁስለቱ?»

ወጣቱ ሐኪም መነጽሩን አውልቆ ፊቱን በሁለት እጁ አሸ። «ቤተሰብዎ ለምነውኛል። ለበሽተኛው እንዳይነገር ብለው… ባለቤትዎ እግሬ ላይ ልትወድቅ ነበር እኮ! እባክዎ አያስጨንቁኝ።»

«አላስጨንቅህም። ዕጢውንም፣ ሰኞንም አውቃለሁ። ወረቀት ስጠኝና ልፈርም።»

ታዲዎስ መነጽሩን መልሶ አደረገ። «ከመቼ ጀምሮ ያውቃሉ?»

«ካንተ ውጤት በኋላ ካለው እሑድ ጀምሮ። ወረቀቱን ስጠኝ።»

«ወረቀቱ አንድ ነው፣ ከሪፈሩ ጋር። አቶ ኃይለገብርኤል ጋ ነው ያለው። ብቻዎንም ፈርመው አይሆንም፤ ቤተሰብ በምስክርነት ካልፈረመና አስታማሚ ይዘው ካልቀረቡ አያስተኙም። ቲቸር፣ ይንገሯቸው። ሰኞ ካለፈ…» ብሎ ጀመረና ተወው። ኮርኒሱን ግን አላየም።

ወልደአረጋይ ወደ ቤቱ በእግሩ ተመለሰ። ሦስት ቦታ አረፈ። ዓርብን የንግግሩን መግቢያ ሲያጠና ዋለ። «ዘውዲዬ፣ አትደንግጪ» የሚለውን ጣለው፤ አትደንግጪ የተባለ ሰው ያልደነገጠበት ጊዜ የለም። «ሐኪም ቤት ሄጄ ነበር» የሚለውንም ጣለው። በትግርኛም ሞከረው፤ በትግርኛ ባሰ። ለሰባ ሁለት ሰው በሰባት ደቂቃ የሠንጠረዡን ግማሽ ያስረዳ ሰው፣ ለአንዲት ሴት አንድ ዓረፍተ ነገር አጣ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 8፣ ምሳ ላይ እናገራለሁ ብሎ ቁርጥ አደረገ። ኃይለገብርኤል ይኖራል፤ ዘውዲ ብትወድቅ የሚያነሣት አለ። ሌላ ቀን አልቀረም።

ዘውዲ ጠዋት በማለዳ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ አርፍዳ ተመለሰች። ከነጠላዋ ሥር አንድ ነገር እንደያዘች በቀጥታ ወጥ ቤት ገባች። ማንንም አላናገረችም። ምሳ ቀረበ፤ ሽሮ፣ ጎመን፣ ስልጆ። ኃይለገብርኤል ስለ ሚሌኒየሙ ያወራል፤ መስከረም ላይ ከተማው እንዴት እንደሚደምቅ፣ ቤተሰቡ በሙሉ አክሱም ሄዶ እንደሚያከብር።

«አንተማ ያን ጊዜ ትመራናለህ» አለ ወደ ወልደአረጋይ። «ጨጓራው እስከዚያ ድራሹ ይጠፋል።»

«ይጠፋል» አለች ራሕዋ፣ ሰሐኑን እያየች።

ወልደአረጋይ እጁን ከገበታው ላይ አነሣ። ጉሮሮውን ጠረገ። «አንድ ነገር…» አለ።

«ቆይ፣ መጣሁ» አለች ዘውዲ ከወጥ ቤት።

ልክ እንደ ሁልጊዜው። ተልባ ሊመጣ ነው። አፉን ዘጋ፤ ዓይኑንም አብሮ ጨፈነ። ነገ እሑድ ነው። ከነገ ወዲያ ሰኞ። በጨለማው ውስጥ የሰሐን ኮሽታ ሰማና ገለጠ።

ዘውዲ ፊቱ ብርጭቆ አስቀምጣለች። ነጭ ነው። መጀመሪያ ማግኒዥያ መሰለው፤ ቀጥሎ ያ የክሊኒኩ ኩባያ። እንፋሎቱ ግን አፍንጫው ጋ ሲደርስ ሽታው ሌላ ነበር። ትኩስ ወተት ነው።

የኃይለገብርኤል እጅ ጉርሻውን እንደያዘ አየር ላይ ቆመ። ከራሕዋ ጉሮሮ አንዲት ትንሽ ድምፅ ወጣች። በዚያው ቅጽበት እትዬ ገበያነሽ ወንፊቱን ሊመልሱ በሩ ላይ ደርሰው ነበር። «ቤቶች!» ብለው ጀመሩ፤ ብርጭቆውን አዩ። ወንፊቱን በዝግታ የበሩ ደፍ ላይ አስቀመጡ፤ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሰበሰቡ፤ ወደዚህ ግቢ ከገቡበት ጊዜ ጀምሮ አንድ ቃል ሳይጨምሩ ሲመለሱ ያን ቀን የመጀመሪያቸው ነው።

«ካልሲየም አለው» አለች ዘውዲ። ቆማለች። በሁለት እጇ የሶፋውን መደገፊያ ጨብጣለች። «ለጨጓራ… ካልሲየም ጥሩ ነው ትል የለ?»

ወልደአረጋይ ቀና ብሎ አያት። ልትወድቅ ነው ብሎ ጠበቀ። አልወደቀችም። ዓይኗን ከእሱ ላይ አላነሣችም። ኮርኒሱን፣ ቀን መቁጠሪያውን፣ ሰሐኑን አላየችም፤ እሱን ነበር የምታየው።

«ጥሩ ነው» አላት።

ብርጭቆውን በሁለት እጁ ያዘ። አንድ ጊዜ ጎነጨ። ወረደለት።

 ኃይለገብርኤል ጉርሻውን ወደ ትሪው መለሰ። ጣቶቹን አልጠረገም። እጁን ወደ ኮቱ የውስጥ ኪስ ሰድዶ፣ ከመታጠፍ ብዛት ጠርዙ የሳሳውን ወረቀት አወጣና፣ ዘርግቶ ከብርጭቆው ጎን አስቀመጠው። ሽሮ የነካው ጣቱ ከታች በኩል ሁለት የፊርማ መስመሮች ባሉበት ቦታ ላይ አረፈ።

ወልደአረጋይ የሸሚዝ ኪሱን ዳበሰ። ያለው የእርማት እስክሪብቶው ብቻ ነበር፣ ቀዩ። ክዳኑን ነቀለ። ዘውዲ ዞራ መጥታ አጠገቡ ተቀመጠችና፣ ፈርሞ ሲጨርስ እስክሪብቶውን እንዲያቀብላት እጇን ዘረጋች።